ለድልድዩ ዋስ የሆኑት አጎቴ

በእኛ አገር በሬ ሲሸጥ ዋስ ይጠራል። በድንበር የተጣሉ ሲታረቁ ዋስ ይጠራል። ልጅ ስትዳር እንኳ ሙሽራው «አልበድላትም» ካለ በኋላ ዋስ ጥራ ይባላል፤ ፍቅሩ ብቻውን አይታመንም። ባለሥልጣን ድምፅ ማጉያ ጨብጦ ድልድይ የሚያህል ነገር ቃል ሲገባ ግን ምን እናደርጋለን? እናጨበጭባለን። እናንተም አጨብጭባችኋል፣ አትደብቁኝ። እኔም አለሁበት።

እኔ የሕግ ትምህርት ቤት ያልገባሁ የሕግ ሰው ነኝ። ጎንደር አራዳ ላይ ስልክ እጠግናለሁ፤ ደንበኛ ሲጠፋ ፎቶ ኮፒ የሆነ የወንጀል ሕግ አነባለሁ፤ ያነበብኩትን ለሰው ካላስረዳሁ ደግሞ ምሳ አይወርድልኝም። አንድ ሰሞን በአንድ ሩቅ አገር «እያወቀ ሕዝብ የሚያሳስት ፖለቲከኛ ይከሰስ ወይስ አይከሰስ?» እያሉ እንደሚከራከሩ በሬዲዮ ሰማሁና ሥራ ፈታሁ። ይከሰስ እንጂ! እኔ አሮጌ ባትሪ «አዲስ ነው» ብዬ ብሸጥ አልከሰስም? ባትሪ የሸጠ ተጠይቆ ተስፋ የሸጠ የማይጠየቅበት ምን ምክንያት አለ? ይህን ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊው ሳስረዳ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ሁሉንም ካሰርካቸው ለእስር ቤቱ ማስፋፊያ ቃል የሚገባልን ማን ነው?» አለኝ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ሕግ መነጋገር አይቻልም።

እውነቱን ልንገራችሁ? የመክሰስ ጥማት ብቻ አይደለም ያለብኝ። ናፍቆት ነው። ሰው ተደግፎት የሚቆምበት ቃል ይናፍቀኛል። ያልነበርኩበትን ዘመን ነው የምናፍቀው መሰለኝ፤ ምናልባትም ማንም ያልነበረበትን።

ክርክሩ እንዲህ በጋለበት በግንቦት ወር የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ጌጡ ከጃናሞራ በአውቶቡስ መጡ። አቧራቸውን ሳያራግፉ «ያን ባለሥልጣን ፈልግልኝ። ዋሱ ነኝ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ከአዝመራ በኋላ ከመካነ ብርሃን በታች ያለው የእኛ መንደር ለስብሰባ ተጠርቶ፣ ከጎንደር የመጡ አንድ ባለሥልጣን «ከከርሞ ክረምት በፊት በዚህ ወንዝ ላይ ድልድይ ይቆማል!» አሉ። ጭብጨባው ሳያባራ ከሴቶቹ መሀል እትዬ ሙሉነሽ ተነሱና «ዋስ ጥራ!» አሉ። እትዬ ሙሉነሽ አንዲት ልጃቸውን፣ ይታይሽን፣ ወንዙ ማዶ ድረዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዙ ለሰው ልጅ መንገድ አይሰጥም። ክረምቱን የሚገፉት የልጃቸውን ቤት ጢስ እያዩ ነው፤ ሲነሳ «ተነሣች» ይላሉ፣ ሲጠፋ «ተኛች»።

ባለሥልጣኑ ሳቁ። ሕዝቡ ግን አልሳቀም፤ ዋስ ሲጠራ አይሳቅም። ሰውየው ግራ ቀኝ አዩ። አብረዋቸው የመጡት ሹማምንት ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አያ ጌጡ አላስቻላቸውም፤ እንግዳ በአገራቸው ዋስ አጥቶ ሲዋረድ ማየት ከቤት ቃጠሎ አይተናነስባቸውም። ብድግ አሉና «እኔ አለሁለት!» አሉ። ለበሬ እንደሚደረገው። ባለሥልጣኑ እጃቸውን ጨብጠው አመሰገኑ፣ መኪናቸው ውስጥ ገቡ፣ ሄዱ። ዋሱ ቀሩ።

ዘንድሮ ይታይሽ አረገዘች። የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ ወሯ ደግሞ ነሐሴ ሊሆን ነው። የባሏ ወገኖች «ምነው ይቸኩላሉ? ድልድዩ ሊቆም አይደል፤ ሐምሌ ላይ እንደ ሙሽራ እየተንቀባረረች ትሻገራለች» አሉ። ግንቦት ገባ፤ ወንዙ ዳር አንዲት ድንጋይ አልወደቀችም። እትዬ ሙሉነሽ አያ ጌጡ ደጅ ቆሙ። «ዋሴ ነህ። ቁርጡን አምጣልኝ። ልጄን አሁን ላምጣት ወይስ ድልድዩን ልጠብቅ?»

ከአያ ጌጡ ጋር ወደ ባለሥልጣኑ ቢሮ ሄድን። ቃል የገቡት ባለሥልጣን ተዛውረዋል፤ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው አለ፤ ትሑት፣ ተነሥቶ የሚቀበል።

«አባቴ፣ የድልድዩ ጉዳይ በሂደት ላይ ነው። ልዩ ትኩረት ተሰጥቶታል።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። አይሠራም ይበሉኝ።»

ሰውየው ደነገጡ። ደጅ ጠኚ ሁሉ «ይሠራል በሉኝ» እያለ ነው የሚመጣባቸው። «እንዴት አይሠራም እላለሁ? እንዲያውም እኔ በግሌ ቃል እገባ...»

«ስለ እመ ብርሃን ቃል እንዳይገቡ!» አያ ጌጡ እጃቸውን ዘረጉ፣ የሚሮጥ ፈረስ እንደሚያስቆም ሰው። «ያለፈውንም ተሸክሜው አልወረደልኝ። ሰኔ ደረሰ፤ ልጅቷ ከብዳለች። አንዲት ‹አይሠራም› ብቻ ስጡኝና ልሂድ።»

«ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም አባቴ።»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ክቡርነትዎ፣ እያወቁ ሕዝብን ማሳሳት በሠለጠነው ዓለም...» ከማለቴ አያ ጌጡ በዱላቸው ጫፍ እግሬን ወጋ አደረጉኝ።

«ዝም በል አንተ! ሰውየው ታስሮ ድልድይ አይሆን!»

ልብ በሉልኝ፤ ያን ቀን እዚያ ቢሮ ውስጥ አንድም ውሸት አልተነገረም። «በሂደት ላይ ነው» ውሸት ነው? አይደለም። ሂደት ማለቂያ የለውምና እንደ ሰማይ ነው፣ ሁላችንም ከሥሩ ነን። «ተስፋ አይቁረጡ»ስ? ቄሱም ይሉታል። በአእምሮዬ ያረቀቅሁት አንቀጽ ይህን ሰውዬ በየት በኩል ይያዘው? ላም አለኝ በሰማይ ስንል ኖርን፤ ላሚቱ የለችም ለማለት የሚደፍር ግን ጠፋ።

አያ ጌጡ አገራቸው ገቡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቆመው «ድልድዩ አይሠራም። ልጅቷን አምጧት» አሉ። እትዬ ሙሉነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። አያ ጌጡ የራሳቸውን በቅሎ ጭነው ማዶ ወረዱ፣ ይታይሽን ወንዙ ገና ጉልበት ሳያወጣ አሻገሩ። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ገባ። ድልድዩ አልገባም።

ከዚያስ? ከዚያማ አያ ጌጡ ተከሰሱ።

መንደርተኛው ሽማግሌ ፊት አቆማቸው። የመንግሥትን ቃል አርክሰዋል፣ ነገ ሊመጣ ያለውን ድልድይ በአፋቸው አባርረዋል ተባለ።

«አይሠራም ያለህ ማን ነው?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ማንም አላለኝም።»

«ታዲያ ከየት አመጣኸው?»

«ከወንዙ። ወርጄ አየሁት።»

ይህ መልስ አልበቃም። ማንም ያልነገራቸውን አውርተዋልና ይቅርታ ይጠይቁ ተባለ። ጠየቁ። እኔም አራዳ ተቀምጬ ይህን ስሰማ ያቺ የተመኘኋት ሕግ ወጥታ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ተከሳሽ ማን ሊሆን እንደነበር ገባኝ። ለልብስ ሰፊው አልነገርኩትም። ይስቃል።

ነሐሴ ላይ እትዬ ሙሉነሽ ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ወጥተው ደወሉልኝ። ይታይሽ በሰላም ተገላግላለች፤ ሸጋ ሴት ልጅ። እልል አልኩ። ከታች ወንዙ ሲያጓራ በስልክ ይሰማኛል።

«አያ ጌጡን አመሰገኗቸው ታዲያ?» አልኳቸው።

«አመሰገንኩት። ግን ጨካኝ ነው።»

«ምነው እትዬ? ልጅዎን አምጥተውልዎት?»

ወንዙ ድምፃቸውን ሲውጥብኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«ዓመቱን ሙሉ ልተኛ ስል በዚያ ድልድይ እሻገር ነበር ልጄ» አሉኝ። «ልጄ ደጅ እደርስ ነበር፤ እግሬ ሳይርስ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን ወንዙ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ማንን ልክሰስላቸው?