ሊቀ ሰላምታ በብስክሌት

በየከተማው ሰላምታ የማያልቅበት አንድ ሰው አይጠፋም። በሰቆጣ ይህን ሹመት አቶ ዘመነ ያለ ተቀናቃኝ ይዘውታል። "እንዴት አደሩ" ብለው ይጀምራሉ፤ ከሰውየው ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ጥጃዋ ይሻገራሉ። ሰውየው ኽምጣና ተናጋሪ ከሆነማ በአማርኛ የጨረሱትን በኽምጣና እንደገና ይጀምሩታል። የቸኮለ ሰው ከሩቅ ሲያያቸው በጓሮ ይዞራል። ሊቀ ሰላምታ የሚለውን ማዕርግ ከተማው የሰጣቸው በሙሉ ድምፅ ነው።

ሊቀ ሰላምታ ድሮ ቀጭን ነበሩ። የግብርና ባለሙያ ሆነው ጎረቤቱን የዝቋላ ወረዳ ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው አካለዋል። ኋላ እድገት አገኙና ቢሮ ገቡ፤ ሆዳቸውም አብሯቸው አደገ። አምና እዚያው ዝቋላ፣ ተራራ አናት ላይ የምትኖር ታላቅ እኅታቸውን ወለተ ሐናን ሊጠይቁ ሲወጡ ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የሰባ ዓመቷ ሴት ምርኩዟን ይዛ ወርዳ እሷው ሰላም አለቻቸው። ለሊቀ ሰላምታ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ማልቀሳቸውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገሩም።

ነርስ ፀጋ የደም ግፊታቸውን ለክታ ራሷን ነቀነቀችና ብስክሌት አዘዘችላቸው። ከከተማው የሚወጣውን የአስፋልት ዳገት አንዴም ሳይወርዱ ከጨረሱ ልብዎ የእኅትዎን ተራራ ይችለዋል አለቻቸው። ሰኔ ገብቶ ወንዙ ከሞላ ደግሞ ወደ ወለተ ሐና የሚወስደው መንገድ እስከ መስከረም ይዘጋል። አቶ ዘመነ በማግስቱ ቀጭን ጎማ ያለው አንድ ያገለገለ ብስክሌት ገዙ።

በመጀመሪያው ሳምንት ነጂው ብስክሌቱ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መቀመጥ ስላቃታቸው ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የሚፈርሙት ቆመው ነው። በሦስተኛው ወር ግን እግራቸው ጠና፣ ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ገባ። የቀራቸው ጠላት አንድ ብቻ ነው፤ አክብሮት።

አባታቸው ሽማግሌን በቅሎ ላይ እንደተቀመጠ ሰላም የሚል ሰው ባለጌ ነው ብለው ነው ያሳደጓቸው። ለአቶ ዘመነ ብስክሌት ማለት ገለባ የማይበላ በቅሎ ነው። ስለዚህ ይወርዳሉ። ዳገቱ ደግሞ ከሥር እስከ ላይ የጧት ፀሐይ በሚሞቁ ሽማግሌዎች የተሞላ ነው። ገና የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ብቻ አባ ገብረ ሊባኖስ አሉ፤ የእሳቸው ሰላምታ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ፀጋ ቢቸግራት ሲያልፉ እጅዎን ቢያውለበልቡ ምናለበት አለቻቸው። እጅ የሚያውለበልብ ባለሥልጣን ነው ብለው መለሱላት።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ ጧት ተነሡ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ አባ ገብረ ሊባኖስ እንደ ወትሯቸው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ዘመነ ሊወርዱ ፍሬን ሲይዙ አባ ጋቢያቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ በላይ ያሉ ሦስት ሽማግሌዎች ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጡ። እንጨት የተሸከመች አንዲት ባልቴት ወደ ገደሉ ዞራ ቆመች።

አቶ ዘመነ ደነገጡ። ምን በድያለሁ? ትናንት የማንን ጥጃ ሳልጠይቅ ቀረሁ? ወርደው ይቅርታ እንዳይጠይቁ ፊቱን የሚሰጣቸው ሰው ጠፋ። ምን እንደሚያደርጉ ቢጠፋቸው ፔዳሉን ረገጡ። ቀና ሲሉ ዳገቱ አልቆ ሜዳ ላይ ናቸው።

ደስታውን እንኳ ሳያጣጥሙ ተመልሰው ቁልቁል ወረዱ። አባ አሁንም እንደተሸፈኑ ናቸው።

"ጨረስከው?" አሉ ከጋቢው ውስጥ።

"ጨረስኩት አባ። ግን ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህ። ካየንህ ትወርዳለህ። ፀጋ የእኅትህን ነገር ብታጫውተን ተማከርንና፣ አንድ ቀን ሳንጠየቅ ብንውል አንሞትም አልን።"

አቶ ዘመነ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰላምታ ሲሰጡ ኖረዋል፤ እንዲህ ያለ ሰላምታ ግን ደርሷቸው አያውቅም። እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ብስክሌቱን ከድንጋዩ አስደግፈው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ አሉ።

"እንዴት አደሩ አባ?"

አባ ገብረ ሊባኖስ ጋቢያቸውን ከፊታቸው አነሡ። "እግዚአብሔር ይመስገን። እኅትህ ወለተ ሐናስ ደኅና ናት?"

"ቅዳሜ ራሴ ወጥቼ እጠይቃታለሁ" አሉ አቶ ዘመነ።

ከዚያ ወደ ላሟ ተሻገሩ።