የካሚዮኗ እውነተኛ ቀለም

(የሙዚየም ጓሮ። አንዲት የጦርነት ዘመን ካሚዮን ታጥባ ውኃዋ ይንጠባጠባል። ሠራተኞቹ «ሊቁ» የሚሉት የቅርስ ባለሙያ በአንድ እጁ አጉሊ መነጽር፣ በሌላው ብርጭቆ ወረቀት ይዞ በሯ ላይ አፍጥጧል። ሽማግሌው ዘበኛ ባልዲና ብሩሽ ይዘው ከጎኑ ቆመዋል። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ኮሚቴው ዘጠኝ ላይ ይመጣል። ካሚዮኗ በጦርነቱ ጊዜ የነበራት ቀለም ከተገኘ አዳራሽ ትገባለች፤ ካልተገኘ ነገ ጠዋት ብረት አቅላጮች ይወስዷታል። ሊቁ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።)

ሊቁ፦ የወይራ አረንጓዴ ነው አልኩዎት፣ አባባ።

ዘበኛው፦ የቤት በር የሚቀባበት ቀለም ነው እንጂ፣ ልጄ።

ሊቁ፦ ጦር ሠራዊት ካሚዮኑን በቤት በር ቀለም ይቀባል? ይልቅ እርስዎ ይፈትጉ፣ እኔ ልመርምር።

ዘበኛው፦ ፈትጌ ጨረስኩ እኮ። ያ ጭቃ ግን...

ሊቁ፦ ጭቃ ጭቃ ነው። በአራት ጣት እየፈተጉ ሦስት ቀን ፈጀብን እንጂ ሰኞውኑ ባለቀ ነበር።

ዘበኛው፦ (ቀኝ እጃቸውን እያዩ) አምስተኛዋን ገና በወጣትነቴ የመኪና ማንሻ ክሪክ ነው የበላት። ብትኖርም የምትረዳህ አይመስለኝም፤ ሰነፍ ጣት ነበረች።

ሊቁ፦ ይስሙኝ፣ ላስረዳዎት። ቀለም ይነበባል። ላይኛው የትናንት ነው፣ ታችኛው የጥንት። ፍቆ ፍቆ መጨረሻው የደረሰ ሰው እውነቱ ላይ ደረሰ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ።

ዘበኛው፦ ውኃውስ አልቋል። አሥራ አራት ባልዲ።

ሊቁ፦ ደግሞ እነዚህን ይመልከቱ። በሩ ላይ አራት ነጭ ሰረዞች። አራት የጠላት ታንክ አውድማለች ማለት ነው።

ዘበኛው፦ ካሚዮኗ?

ሊቁ፦ አዎ።

ዘበኛው፦ በምን?

ሊቁ፦ (ትንሽ አስቦ) እሱ ገና እየተጠና ነው።

ዘበኛው፦ ነጭ ቀለም የነካው ሰው እጁን የጠረገበት አይመስልህም? አራተኛዋ እኮ አጭርና ወፍራም ናት፤ አውራ ጣት ትመስላለች።

ሊቁ፦ እሷ ትንሽ ታንክ ትሆናለች። ለመሆኑ እጅ ስንት ጣት እንዳለው ያውቃሉ?

(ዘበኛው የራሳቸውን ይቆጥራሉ።)

ዘበኛው፦ ኪስህ ያለው የጦርነቱ ጊዜ ፎቶዋ ላይስ ጠቁራ የለ?

ሊቁ፦ ፎቶው አርጅቶ ነው የጠቆረው። ሁሉ ነገር በዓይን አይታይም፣ አባባ፤ እውቀት ይጠይቃል።

(በሩን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከአረንጓዴው ሥር ሰማያዊ ብቅ ይላል።)

ሊቁ፦ ሰማያዊ... የአየር ኃይል ነበረች ማለት ነው።

ዘበኛው፦ ቀጥል፣ ጽሑፍም አለው።

ሊቁ፦ (እየፋቀ) «ዱ... ቄት።» (ብርጭቆ ወረቀቱ ከእጁ ይወድቃል።)

ዘበኛው፦ የዱቄት ፋብሪካ ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ተወሰደች።

ሊቁ፦ እርስዎ በምን አወቁ?

ዘበኛው፦ አብሬያት ተወሰድኩ። ሾፌሯ ነበርኩ። እዚህ ዘበኝነት የገባሁት ደመወዙ ጥሞኝ ይመስልሃል?

(ሊቁ የካሚዮኗ እርጥብ መርገጫ ላይ ቁጭ ይላል። ሱሪው ሲርስ አልታወቀውም።)

ሊቁ፦ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?

ዘበኛው፦ አንተ የጠየቅከኝ ሳሙናው የት እንዳለ ነው። አረንጓዴውን እኔው በአንድ ከሰዓት ቀባኋት። ሌላ ጠፍቶ የቤት በር ቀለም ሰጡኝ፤ እንደ መስታወት አበራች። አለቃችን አይቶ «ይህችን ከሰማይ ያላየ አውሮፕላን ዓይነ ስውር ነው» አለ። ከዚያ ጭቃ በተቃጠለ ዘይት ለውሰን ከኮፈኗ እስከ ጅራቷ ለቀለቅናት። ጦርነቱን ለብሳው የዋለችው ቀለም እሱ ነው።

ሊቁ፦ ያጠብነውን ጭቃ ነው የሚሉኝ?

ዘበኛው፦ አጣቢው እኔ፣ አሳጣቢው አንተ።

ሊቁ፦ (ፎቶውን አውጥቶ እያየ፣ ቀስ ብሎ) ጠቁራ ነበር ለካ። አለቀላት እኮ፣ አባባ። ማስረጃዋን በሳሙና አጥቤ ወደ ቦይ ለቀቅኩት።

ዘበኛው፦ ጠዋት «ከስኮርታ ጎማው ጀርባ አላጠቡም፣ ሥራ ይለግማሉ» ብለህ ተቆጥተኸኝ ነበር አይደል?

ሊቁ፦ (ቀና ብሎ) ከዚያ በኋላ አጠቡት?

ዘበኛው፦ ወገቤን አመመኝ አልኩህ።

ሊቁ፦ አዎ?

ዘበኛው፦ ወገቤ ደህና ነው።

(ተጋግዘው ትርፍ ጎማውን ያወርዳሉ። ከጀርባው ጥቁር የደረቀ ጭቃ እንደተለጠፈ ነው፤ መሐሉ ላይ የሰው መዳፍ ታትሞበታል። ሊቁ አጉሊ መነጽሩን ረስቶ በባዶ ዓይኑ ይቆጥራል፤ አራት ጣት። ዘበኛው ሳይነኩ ቀኝ እጃቸውን ያስጠጋሉ፤ ልክክ ይላል። የግቢው በር ይንኳኳል። ኮሚቴው ደርሷል።)

ሊቁ፦ (ባልዲውን በእግሩ እያራቀ) አባባ፣ እዚህች ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ እንዳትወድቅ። ለኮሚቴው ምን ብዬ ነው የማስረዳው?

ዘበኛው፦ (ብሩሹን እያስጨበጡት) አንተ እዚያ የተኛውን ውኃ ጥረግ፣ ልጄ፤ እኔ ላስረዳ።