ጠላቂው ሽማግሌ

ባሕር ጠላቂ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሮቤ ውስጥ አንድ አለ፤ እኔ ነኝ። እዚህ ውሃ የሚነካኝ ጋሪ ሲረጨኝ ብቻ ቢሆንም፣ ጅቡቲ ሄጄ የአየር ሲሊንደር አዝዬ ከጠለቅሁ ወዲህ ሌላ ወሬ የለኝም። ጠላቂ ደግሞ ጆሮው ሲመግል ይኮራል እንጂ መች ይታከማል? ባለፈው ስመለስ ሁለቱም ጆሮዎቼ መግለው ተደፈኑ። "ጎባ ሄደህ ታከም" ሲሉኝ፣ "የሙያ ሕመም ነው" ብዬ ጥጥ ወተፍኩባቸው።

በዚያው ሰሞን አብሮኝ የጠለቀው ጓደኛዬ ገመቹ ለሽምግልና ላከኝ። ከጎረቤቴ ከጋሽ ሁሴን ጋር ሆነን የልጅቷ አባት ቤት ተቀመጥን። አባትየው ኮስተር ብለው፣ "ልጁ ይጠጣል?" ሲሉ ጠየቁ። እኔ የሰማሁት "ይጠልቃል?" የሚል ነው። ሌላማ ምን ሊሰማኝ ይችላል?

"በሚገባ!" አልኩ። "ያስጀመርኩትም እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን አስመልሶት ነበር፤ አሁን ግን ታች ሳይደርስ አይመለስም።"

እናትየው አማተቡ። ጋሽ ሁሴን ጆሮዬ ላይ ተደፍተው፣ "ያ ረቢ! መጠጥ ነው የሚሉህ!" ብለው ጮኹ።

ደንግጬ ስለ ባሕሩም፣ ስለ ሲሊንደሩም፣ ስለ ጆሮዬም አስረዳሁ። አባትየው በጥሞና ሰሙኝና፣ "ብረት አዝሎ ባሕር የሚገባ ከሆነማ መጠጡ ይሻል ነበር" አሉ።

ልጅቷን የሰጡት በስንት ልመና ነው፤ ያውም ገመቹ ዳግም ላይጠልቅ፣ እኔንም ሚዜ ላያደርገኝ ምሎ። እኔም ታክሜ፣ የጆሮ ጠብታዬን ጨርሼ ዳንኩ። ሠርጉ ላይ ጥግ ይዤ ተቀምጬ፣ የሚያሙኝን ሁሉ አንድም ሳያመልጠኝ ሰማሁ።