የጨለመው ጉንጭ

ነገሌ ላይ በነጻ የሚታደል ነገር ቢኖር ፀሐይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን፣ አቧራውን፣ የአህያውን ጆሮ ሳይቀር ታበራለች፤ ማንንም አትመርጥም። እኛ ግን ፎቶ መነሳት ሲያምረን ያቺን ሁሉ ፀሐይ ውጭ ጥለን፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ ክፍል ገብተን፣ የከተማው የመብራት ሞተር ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እስኪነሳ ጠብቀን በአምፖል እንነሳለን። ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄያለሁ። ከወለድኩ ወዲህ የማልጠይቀው ነገር የለም። ልጁ ሲያስነጥስ ለምን አስነጠሰ እላለሁ፤ ሳያስነጥስ ሲውል ደግሞ ምነው ዝም አለ እላለሁ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ነስሩ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ የከረሙ ሰው ናቸው። «ፀሐይ አትታዘዝም፤ አምፖልን ግን ወዲያ ሂድ ስትይው ይሄዳል» አሉኝ። ባለ እግር አምፖል ሁለት አላቸው። ሁለቱንም ከግራና ከቀኝ ሲያበሩ ፊት ወለል ይላል፤ ጥላ የሚባል ነገር አይቀርም። ይሄ ለመታወቂያ፣ ለሙሽራና ለሕፃን ነው። አንዱን ሲያጠፉ ደግሞ ግማሹ ፊት ይበራና ግማሹ ጨለማ ውስጥ ይገባል። ይሄን የሚወዱት ከካምፕ የሚመጡ ወታደሮች ናቸው፤ ትናንት ሽንኩርት ሲልጥ ያየሁት ልጅ በአንድ አምፖል ሲነሳ ጄኔራል ሆኖ ይወጣል። ሙሽሮች ደግሞ በሁለቱ አምፖል ላይ ፓውደር ይጨምሩበትና አፍንጫቸው የት እንደገባ አይታወቅም። የጎረቤቴን የሠርግ ፎቶ ሳይ እሷን የምለያት በባሏ ነው።

የእኔ ጉዳይ እንዲህ ነበር። የብሩክ አባት ሰሜን ግንባር ነው። ሲሄድ ብሩክ ሆዴ ውስጥ ነበር፤ አሁን ግን ቆሞ ይሄዳል፣ ዶሮ ያባርራል። አባቱ አይቶት አያውቅም። በየደብዳቤው «የልጄን ፎቶ» ይላል። ልልክ ስል ስል ብሩክ ግራ ጉንጩ ላይ ብጉንጅ ወጣበት፤ ክሊኒክ ወስጄው ተበጣ፤ ዳነ። ጠባሳው ግን ቀረ። ጥፍር ብታክል ነው፤ እኔ ግን ልጄን ሳየው መጀመሪያ የምትታየኝ እሷ ሆነች።

ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ነገር እንደማንጽፍ ታውቃላችሁ። የሞተው «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ የታመመው ደግሞ «ደህና ነው፣ ሰላም ይልሃል» ይባላል። ታዲያ ምሽግ ውስጥ ላለ ሰው የብጉንጅ ወሬ እንዴት ተደርጎ ይጻፋል? በሐሳብ ይብከነከናል፤ ሐሳብ የያዘው ሰው እዚያ ራሱን አይጠብቅም። የእኔ ጭንቀት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ከአንድ ጠባሳ ተነስቶ ግንባር ይደርሳል።

«ጋሼ፣ በአንድ አምፖል ያንሱልኝ» አልኳቸው።

«ሕፃን በሁለት ነው የሚነሳው።»

«ግራ ጉንጩ እንዳይታይ ነው።»

ጠባሳውን አዩት፤ እኔንም አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ጥላ እንጂ መድኃኒት አልሠራም» አሉ። ቢሆንም የግራውን አምፖል አጠፉት። ብሩክ በርጩማው ላይ ተቀምጦ በቀረው አምፖል ላይ አፈጠጠ፤ የተማከርን ይመስል ግራ ጉንጩን ለጨለማው ሰጠ።

ፎቶው ሲደርስ ወተት ለሚያመጡልኝ የቦረና ሴት፣ ለአዴ ሎኮ፣ አሳየኋቸው። «አካም፣ ሃዳ ብሩክ» ብለው፣ የብሩክ እናት ማለታቸው ነው፣ ፎቶውን ተቀበሉና ገልብጠው ጀርባውን አዩት።

«ሌላው ፊቱ ከኋላ ነው እንዴ?»

«ጥላ ነው፣ አዴ።»

«ጥላ የዛፍ ነው። ልጅ ፊት ላይ ምን ይሠራል?»

«አሁን ፋሽኑ ይሄ ነው።»

«ጥጃ ልሸጥልሽ መጥቼ ግማሹን ብደብቅ ትገዢዋለሽ?»

ሳቅኩና ላክሁት።

መልሱ ቆይቶ መጣ። ላዩ ላይ «ልጄን አየሁት፣ ደስ አለኝ» ይላል። ከዚያ በታች ጽሑፉ ይጣደፋል። «የግራ ዓይኑ ደህና ነው? እውነቱን ንገሪኝ። ጓደኞቼም አይተው ዝም አሉ። ጆሮውስ? የማይታየው ጎን ምን ሆኖ ነው?» እኔ ጥፍር የምታክል ጠባሳ ደበቅሁ፤ እሱ ከዚያው ጨለማ ውስጥ አንድ ዓይንና አንድ ጆሮ አጉድሎ አወጣ።

ያን ዕለት ሞተሩ ሳይነሳ ልጄን አዝዬ ጋሽ ነስሩ ደጃፍ ቆሜያለሁ። «ሁለቱንም ያብሩ፤ ሦስተኛ ካለም ያብሩ» አልኩ።

«ፓውደርስ?»

«ፓውደር የለም።»

ጠባሳዋ ቁልጭ ብላ ወጣች። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው አልፈለግሁም፤ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳት ፊደል በቃችኝ። ከጀርባው ላይ «ብጉንጅ ነበር፣ ድኗል። ዓይኑም ጆሮውም ሁለት ሁለት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቼ እንደ ብሩክ እርምጃ ወዲያና ወዲህ ቢሉም ደርሰዋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ተደስቷል። «ጠባሳው ጎረምሳ አስመስሎታል። ከእንግዲህ ምንም እንዳትደብቂኝ» ይላል። ለልጁ መታያ ብሎ የራሱን ፎቶ ጨምሮበታል። ጺሙን አሳድጓል፤ አምሮበታል። የተነሳው በአንድ አምፖል ነው። ቀኙ በርቷል፤ ግራው ጨልሟል፤ በጨለማው በኩል ትከሻው የት ላይ እንደሚያልቅ አይለይም።

ይዤው ወደ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይሄኛውን ጎን ማብራት ይቻላል?»

«ያልበራውን እኔ ከየት አመጣዋለሁ?» አሉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። «ወታደር እኮ እንዲህ መነሳት ይወዳል። ሌላ ነገር አታስቢ።»

እኔም እንደዚያው ነው የማስበው። ወታደር እንዲህ ይወዳል። ቤት ስገባ ብሩክ ፎቶውን ተቀብሎኝ የበራውን ጉንጭ በጣቱ እየነካ «አባባ» አለ። እኔ ደግሞ እሱ ባልነካው በኩል ብዙ አፈጠጥኩ። ከዚያ እርሳሱን አንስቼ ጻፍኩለት።

«ፎቶህ ደርሶናል። አምሮብሃል። ሌላውን ጎን ደግሞ ላክልን።»