ከጋዝ የሸሸው የጋዝ መሐንዲስ

የሚያውቀውን ለሰው ካላስተማረ ምሳ የማይወርድለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንደዚያ ነበርኩ። በኢሕአዴግ ዘመን በነዳጅና በጋዝ ማጣሪያ መሐንዲስነት ውጭ አገር ሠልጥኜ በተመለስኩ ሰሞን፣ አብነት ሰፈር ባለች ምግብ ቤት የመርካቶን ነጋዴ ስለ ጋዝ አደጋ አስተምር ነበር። "ዋናው መረጋጋት ነው!" እላለሁ፣ ጣቴን ቀስሬ። ሰዉም፣ ምን ያድርግ፣ "እሺ ኢንጂነር" ይላል።

አንድ ቀን በትምህርቱ መሃል ከወጥ ቤቱ ኃይለኛ የጋዝ ሽታ መጣ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን ወንበር ገልብጬ፣ አንድ ሽማግሌ ገፍትሬ፣ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ። ዞር ብዬ ያየሁት ጭድ ተራ ስደርስ ነው። የተከተለኝ ሰው አልነበረም።

ጃኬቴን ረስቼ ስለነበር አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። ወጥ ሠሪዋ እትዬ ዘይነባ ሲሊንደሩን ዘግተው፣ በርና መስኮቱን ከፋፍተው፣ ሰዉ መብላቱን ቀጥሏል። የገፈተርኳቸው ሽማግሌ የገለበጥኩትን ወንበር አነሱልኝ።

"ተቀመጥ ልጄ፤ ያስደነግጣል" አሉኝ።

"ምሳህ ቀዝቅዟል፣ ላሙቅልህ?" አሉ እትዬ ዘይነባ።

ጃኬቴን ይዤ ወጣሁ፤ እስከ ዛሬ በዚያ በር አላልፍም። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀብኝም። ምነው በሳቁብኝ!