«በልቼ ነው የመጣሁት»፦ የልጄ ጥናት

ወላጅ ሁሉ ልጁ እንድትበልጠው ይመኛል። ችግሩ የሚጀምረው መብለጥ ስትጀምር ነው።

እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ ስንተኛ ወጣህ? ልጄ ቤዛ የምትማረው ስቶክሆልም ነውና ስንተኛ እንደወጣች የሚነግረኝ ሰው የለም። ጠይቄ ነበር። መምህርቷ ኡልሪካ እንደ ማዘን ብላ አየችኝ። እዚህ አገር መምህር በስሙ ብቻ ነው የሚጠራው፤ እኔ አፌ እንቢ ስላለኝ «መምህርት ኡልሪካ» እላታለሁ። ማዕረግ መሆኑ ሳይገባት አልቀረም፣ ደስ ይላታል።

ታዲያ ባለፈው የበረዶ ወራት ቤዛ ሃግሴትራ ካለው ቤታችን ጀርባ፣ ኮረብታው ላይ ስትንሸራተት እግሯን ሰበረች። አሥር ዓመቷ ነው። እግሯ በጀሶ ተጠቅልሎ ሶፋ ላይ ነገሠች።

በዚህ አገር ልጅን እቤት አስቀምጦ ማስተማር እንደልብ የሚፈቀድ ነገር አይደለም። ለተሰበረ እግር ግን መላ አይጠፋም። ቤዛ የራሷን ርዕስ መርጣ ለአንድ ሳምንት እቤቷ ታጠናለች፤ ማታ ሥራዋን በኮምፒውተር ትልካለች፤ መምህርቷ አስተያየት ትጽፍላታለች፤ አርብ ደግሞ ቤት ድረስ መጥታ ታያለች። ጥናቱ ካማረ ጀሶው እስኪፈታ እንዲሁ ትቀጥላለች። ካላማረ በዚያ በረዶ በታክሲ ተጭና ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ቤዛ ሶፋዋን ማጣት አልፈለገችም። እኔ የምፈልገው ደግሞ አንደኛ እንድትወጣ ነው። ከማን? ተወዳዳሪ የለም። ቢሆንም።

ርዕሱን እኔ መረጥኩላት፦ ፕላኔቶች። ምን ይወጣላቸዋል? ከባድ ናቸው፣ ሩቅ ናቸው፣ የተማረ ሰው ቤት ያስመስላሉ። ሰኞን ሙሉ አጠገቧ ቆሜ አሠራኋት።

ማታ አስተያየቱ መጣ። የመምህርቷ ልማድ ሁለት ምስጋናና አንድ ምኞት መጻፍ ነው። ምስጋና፦ ቀለሙ ያምራል። ምስጋና፦ ጽሑፉ ንጹሕ ነው። ምኞት፦ የቤዛን የራሷን ጥያቄ ባየው ደስ ይለኛል።

በቀይ እስክሪብቶ ተደብድቤ ያደግሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ቁስል ግን አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ጠያቂ መጣ። ሐበሻ እግር ተሰበረ ሲባል እቤቱ አይቀመጥም፤ ብርቱካንና ሙዝ አንጠልጥሎ ከአልቢም ከፋርስታም ይነሣል። ሳሎናችን የፍራፍሬ ሱቅ መሰለ። እኔ ጥናቷን ሊያበላሹባት ነው እያልኩ በሆዴ ስብከነከን፣ እሷ ሶፋዋ ላይ ሆና ሰው ታያለች። ረቡዕ ጠዋት ርዕስ መቀየሯን በስዊድንኛ አስታወቀችኝ። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። አዲሱ ርዕስ፦ የአባቴ እንግዶች መብላት እየፈለጉ ለምን «አይ» ይላሉ?

ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ጥናት ነው? የሰው ገበና! ፕላኔት ቢያንስ አይቀየምም። እሷ ግን ያየችውን ማታውኑ ጽፋ ልካው ኖሯል። የመምህርቷ ምኞትም ደርሷል፦ እንግዶቹን ራሳቸውን ብትጠይቂያቸውስ?

ዕጣው የወጣው ለጋሽ ግርማ ነው። ጋሽ ግርማ የቱነልባና፣ የምድር ውስጡ ባቡር ሹፌር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው አልቢ ብቻቸውን ይኖራሉ። ረቡዕ ሊጠይቋት መጡ። ሳምቡሳ ሳቀርብላቸው ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት አሉ። በሞቴ አልኳቸው። ተው ልጄ፣ ጠግቤያለሁ አሉ። አፈር ስሆን አልኩ። እንግዲህ ካልክ ብለው ሳህኑን አጋመሱት።

ቤዛ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ፊት ለፊት፣ መብላት ፈልገህ ሳለ ለምን አይ አልክ ብላ ጠየቀቻቸው። ስዊድንኛ ለሽማግሌ የሚሆን አንቱታ የለውም። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ጋሽ ግርማ ሳቁ። ጣታቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው በአማርኛ፣ ቀስ ብለው ነገሯት። «ስሚ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ስጠየቅ ብቀበል ልበላ የመጣሁ እመስላለሁ። ሁለተኛው ላይ አባትሽ ለወጉ ይሁን ከልቡ ድምፁን እሰማለሁ። ሦስተኛው ግን ለእኔ ነው። እቤቴ ብላ የሚለኝ ሰው የለም። ፍሪጅ ደግሞ ሰው አይለምንም። እስቲ እዚህ ስመጣ እንኳ ትንሽ ልለመን!»

ቤዛ ጻፈች። እኔ ሳህን ላጥብ ብዬ ኩሽና ገባሁ። የሚታጠብ ሳህን አልነበረም።

ሐሙስ ጥናቱን ሙሉውን አነበብኩት። ማነጻጸሪያ ሁሉ አለው፦ የስዊድናዊት ጓደኛዬ እናት «አይ» ካለች አይ ማለቷ ነው፤ አባቴ ግን መለመኑን አይተውም፣ ሴትየዋም መግቢያ ይጠፋታል። አያችሁ? በገዛ ልጄ ጥናት ውስጥ ናሙና ሆኜ ተቀምጫለሁ። ልቆጣ አስቤ ነበር፤ ኩራቱ ቀደመኝ። እኔ ሰማይ ሰማዩን ስጠቁማት እሷ ከፊቷ የተቀመጠውን ሰው አየች። ስንት ዓመት ሳምቡሳ ሳቀርብላቸው ጋሽ ግርማን እንዲህ ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ?

እናም ቆርጬ ተነሣሁ። እኔም ተምሬያለሁ። አርብ መምህርቷን የማስተናግደው እንደ አገሯ ልማድ ነው።

አርብ መምህርት ኡልሪካ ከሥራ በቀጥታ መጣች። በረዶዋን አራግፋ ተቀመጠች። የትኩሱ ሳምቡሳ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ሳህኑን አቀረብኩላት። አይ፣ አመሰግናለሁ፣ በልቼ ነው የመጣሁት አለች፣ ፈገግ ብላ። እኔም እንደ ሠለጠነ ሰው እሺ ብዬ ሳህኑን ወደ ኩሽና መለስኩት።

ፈገግታዋ ባለበት ቀረ።

ቤዛን ጠየቀቻት፤ ቤዛ እንደ ወንዝ ወረደች። ጋሽ ግርማ ካሉት ስትደርስ መምህርቷ ጽሑፉን ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ከዚያ ፈረደች፦ ጀሶው እስኪፈታ ቤዛ እቤት ትቀጥላለች። እኔ በደስታ የማደርገው ጠፋኝ። ሴትየዋ ግን በየመሃሉ ዓይኗ ወደ ኩሽናው ይሄዳል። ምን ጠፍቶባት ይሆን?

ኮቷን ለብሳ በሩ ላይ ስትደርስ የመጨረሻ አስተያየቷን ለቤዛ በቃሏ ሰጠች። ምስጋና፦ ጥያቄው የራስሽ ነው። ምስጋና፦ ሌላውን ሰው እንዲሞክረው የሚያነሣሣ ጥናት ነው፤ እኔ ራሴ ዛሬ ሞክሬዋለሁ። ምኞት፦ አባትሽ ሁለት ጊዜ ይቀረዋል፤ እኔ ደግሞ ምሳ አልበላሁም።

ሮጬ ሳህኑን አመጣሁ። በሞቴ ለማለት አፌን ስከፍት፣ መምህርት ኡልሪካ ከቤዛ ጥናት የያዘችውን ቃል ጥርት ባለ አማርኛ ተናገረች። «እንግዲህ ካልክ» አለችና አነሣች።

ገና ምንም አላልኩም ነበር።