የየኔታ ቅኔ በኬብል ሲጓዝ

[ንፋስ መውጫ። ዘመኑ ኮፒ ቤት አለው፤ የማያውቀው ነገር እንደሌለም ያውቃል። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ኮምፒውተር ይነካካል። መሪጌታ ተሻገር ጓዳ ካለው ማተሚያ የወጣ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ።]

ተሻገር፦ ይኸም ግማሹ ባዶ ነው። ቅኔው ከወገቡ ተቆርጧል።

ዘመኑ፦ አልተቆረጠም አልኩዎት። የመጽሐፉ ፎቶ ከዚህ ኮምፒውተር ወደ ጓዳው ኮምፒውተር ሙሉ ሄዷል። መጠኑን አይቻለሁ፣ እኩል ነው።

ተሻገር፦ ጆንያ ገብስም ቢሞላ ጭድም ቢሞላ መጠኑ ያው ነው። እኛ መጽሐፍ ስንገለብጥ አንዱ ያነባል፣ ሌላው በጣቱ ይከተላል።

ዘመኑ፦ መሪጌታ፣ ይኼ ኔትወርክ ነው፤ ቅኔ ቤት አይደለም።

ተሻገር፦ እሺ፣ ታዲያ ምን ሆነ?

ዘመኑ፦ ቫይረስ።

ተሻገር፦ ትናንት መብራቱ ነው ብለኸኝ ነበር።

ዘመኑ፦ ትናንት መብራቱ ነበር። ዛሬ ቫይረስ ነው።

ተሻገር፦ ጠዋት ሦስት ገጽ ደህና ወጥቷል። ቫይረሱ አልነቃም ነበር?

ዘመኑ፦ [እየሳቀ] ለእርስዎ ማስረዳት ይከብዳል። እኔ እኮ ደብረ ታቦር ተምሬ ሰርተፊኬት የያዝኩ ሰው ነኝ። በቃ፣ ሁሉም ሄዷል። እዚህ ያለው ፎቶ ቦታ ስለያዘብኝ ላጥፋው።

ተሻገር፦ እጅህን አንሣ።

ዘመኑ፦ ምን ነካዎት?

ተሻገር፦ የየኔታ ቅኔ ያለበትን መጽሐፍ ባለቤቱ ወደ እስቴ ይዞት ሄዷል፤ ሁለተኛ አላሳይም ብሏል። የኔታ ካረፉ ወዲህ ለተማሪዎቼ የቀረኝ ይኸ ፎቶ ብቻ ነው። ብታጠፋው እስክሞት አዝንብሃለሁ።

ዘመኑ፦ እሺ፣ አላጠፋም።

ተሻገር፦ ደህናዎቹ ሦስቱ ሲሄዱ የት ነበርክ?

ዘመኑ፦ በር ላይ ቆሜ ስልክ እያወራሁ። ምን አገናኘው?

ተሻገር፦ የተበላሹት ሲሄዱስ?

ዘመኑ፦ እዚሁ ቁጭ ብዬ እየተቆጣጠርኩ ነዋ።

ተሻገር፦ እስቲ ተነሣ።

[ዘመኑ እያጉረመረመ ይነሣል። መሪጌታ ወንበሩን ገፋ ያደርጉታል። ወደ ጓዳ የሚሄደው ኬብል በወንበሩ እግር ተጨፍልቆ ተልጧል። ዘመኑ አጎንብሶ ያየዋል፤ ቀና ለማለት ይዘገያል።]

ዘመኑ፦ ይኼ... ስንማር አልተነገረንም።

ተሻገር፦ አሁን ላክ።

[ዘመኑ ቆሞ ይልካል። ወረቀት ይወጣል። መሪጌታ እስከ መጨረሻው ስንኝ በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ፤ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።]

ተሻገር፦ ሙሉ ነው። የኔታ ራሳቸው ናቸው።

ዘመኑ፦ እንግዲህ ሠላሳ ስምንት ገጽ ይቀራል። ወንበሩን ወደዚያ ላድርገውና ልቀመጥ?

ተሻገር፦ አይሆንም። ስትቀመጥ ደግሞ ሌላ ምን እንደምታበላሽ አናውቅም። [መቋሚያቸውን ያቀብሉታል] እኛ ማኅሌት ስንቆም እስኪነጋ ነው። ሲደክምህ ተደገፍባት።